ልጃችሁ ኮምቦልቻን «ካምባልቻ» ብሎ ሲያነብ

ደሴ ውስጥ አንደኛ ክፍል ማስተማር ከጀመርኩ 24 ዓመት ሆኖኛል። መስከረም በመጣ ቁጥር ልጁን በእጁ ይዞ የሚመጣ ወላጅ ሁሉ የሚነግረኝ አንድ ነገር ነው፦ «መምህርት፣ ፊደሉን ጨርሶታል።» ጎንበስ ብዬ «እስቲ በልልኝ» ስለው ልጁ ዓይኑን ጣሪያ ላይ ተክሎ ከሀ እስከ ፐ ያንቆረቁረዋል። አባት በኩራት ፈገግ ይላል። ልጁ ግን ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የፊደል ገበታ አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብሎ አላየውም።

እኔም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በዚህ ተታልያለሁ። አንዱን ልጅ «ጎበዝ» እያልኩ እስከ ጥር ድረስ የፊት ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ «ቡና» ብዬ ጻፍኩለት። «በ፣ ቡ» ብሎ የመጀመሪያዋን አገኛት። «ና» ላይ ሲደርስ ከሀ ተነሥቶ በሹክሹክታ መውረድ ጀመረ፤ ነ ቤት ሳይደርስ ደወል ተደወለ። 33 ፊደላት በ7 ቤት 231 ሆሄ ነው። ልጁ የያዘው አንድ ረጅም ዜማ ነበር።

የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ለዚህ ችግር መላ ነበራቸው። ሀሁን የጨረሰ ልጅ አቡጊዳ ይገባል፦ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። እያንዳንዱ ሆሄ ከሌላ ፊደል፣ ከሌላ ቤት የመጣ ስለሆነ የሀሁ ዜማ አያድንም። ቤት ውስጥም የምታደርጉት ይህንኑ ነው። ከካርቶን ላይ አንዲት ሆሄ ብቻ የምታሳይ ቀዳዳ ቅደዱ፤ ገበታው ላይ ወዲያና ወዲህ እያንሸራተታችሁ «ይህች ማን ናት?» በሉት። ካርቶን ከሌለ ስንደዶ ይበቃል፤ እናንተ ሆሄዋን በስሟ ጥሩ፣ እሱ ራሱ ይጠቁም። ጊዜው ከአቦል እስከ ቶና ነው፤ ከዚያ ካለፈ ልጁም እናንተም ትማረራላችሁ።

ከየት ትጀምራላችሁ? ካዕብ፣ ሣልስና ኃምስ (ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አምስተኛው ቤት) በአብዛኛው ሕግ አክባሪ ናቸው። ካዕብ በቀኝ ጎኑ ጭረት አለው፦ ሉ፣ ቡ፣ ሱ። ሣልስ ያው ጭረት ወደ እግሩ ይወርዳል፦ ሊ፣ ቢ፣ ሲ። ኃምስ እግሩ ላይ ቀለበት ያደርጋል፦ ሌ፣ ቤ፣ ሴ። ይህን ያየ ልጅ ሳይነግሩት «ኬ»ን ያውቃል፤ ያን ጊዜ ፊቱን ማየት ነው! ረ እና ፈ ከሕጉ ያፈነግጣሉና ለኋላ አቆዩአቸው። ስድስተኛው ቤት፣ ሳድስ፣ ሕግ የለውም፤ አንድ በአንድ ይለመዳል።

ጣጣው ያለው ራብዕና ሳብዕ፣ አራተኛውና ሰባተኛው ቤት፣ ላይ ነው። ባ እና ቦ፣ ሳ እና ሶ፣ ካ እና ኮ። ልዩነታቸው የትኛው እግር ረጅም ነው የሚለው ብቻ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ደግሞ ገና ጫማውን አገላብጦ የሚያጠልቅ ነው። «ቀኝ ነው፣ ግራ ነው» እያልኩ ስንት ዓመት ለፍቻለሁ። አሁን የምጠይቀው «በየትኛው እጅህ ትጎርሳለህ?» ብዬ ነው። በከተማችን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚጎርስበት እጅ አንድ ነው። ደብተሩን ፊት ለፊቱ አድርጎ፣ በሚበላበት እጅ በኩል ያለው እግር ከረዘመ «ባ» ነው፤ «በላ» ውስጥ ባይኖርም ድምፁ ይቀራረባልና ይይዘዋል። በሌላው በኩል ከረዘመ «ቦ» ነው። ሰ፣ ሸ፣ ከ እና አ በዚሁ ይሄዳሉ። ለ አይሄድም፤ «ሎ» ቀለበት ስላለው ራሱን ችሎ ይታወቃል።

አሁን ኮምቦልቻን አስቡት። ከአምስት ሆሄ ሁለቱ ሳብዕ ናቸው፤ «ካምባልቻ» የሚለው ልጅ የሳተው እግሮቹን ብቻ ነው። ይህ ቃል ለእኔ የዓመቱ ፈተና ነው፤ መናኸሪያ አካባቢ በየሚኒባሱ ላይ ተለጥፎ ስለሚገኝም ወጪ የለውም። ከዚያ በፊት በጦሳ ጀምሩ፤ ቀጥሎ ደሴ፣ ከዚያ ቦርከና። ልጁ ተራራውንም ወንዙንም ያውቃቸዋል፤ የሚያውቀውን ስም ወረቀት ላይ ሲያገኘው ይደነቃል።

«ም» እና «ል» ላይ ልጆች ይቆማሉ። «ኮ... ምእ... ቦ... ልእ... ቻ» ብለው ቃሉን ይጥሉታል። መጀመሪያ ቀስ ብሎ ይርገጠው፤ ሁለተኛው ላይ መኪና የሐረጎን ቁልቁለት እንደሚወርድ ሳይቆም ይውረድ። ሦስተኛው ላይ ቃሉ ይወጣል። ካልወጣ አብሽር በሉትና ቃሉን ራሳችሁ ንገሩት፤ ነገም ቀን ነው።

አንድ የምጸጸትበት ነገር አለ። የቁርአን ቤት ቆይቶ የመጣ ልጅ ደብተሩን ከመጨረሻው ገጽ ገልጦ ከቀኝ ወደ ግራ ሲጽፍ አይቼ ተቆጣሁት። ልጁ አልተሳሳተም፤ በተማረው መንገድ ነበር የጻፈው። አሁን በየመስመሩ መነሻ፣ በግራ በኩል፣ ቀይ ነጥብ አደርጋለሁ፤ «ከዚህ ቤት እንወጣለን» እላለሁ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ነጥቡ አያስፈልግም። ከሁለቱም አቅጣጫ መጻፍ የሚችል ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ደስ ይበላችሁ።

ስለ ሒሳብ ብዙ አልልም። ቆርኪ ሰብስቡ፤ ዐሥር ዐሥሩን በላስቲክ ከረጢት አስሩ። 34 ማለት ሦስት ከረጢትና አራት ቆርኪ መሆኑን በእጁ ከዳሰሰ የቀረው ቀላል ነው። እንግሊዝኛውን ለእኛ ተዉልን። «ስንት እንግሊዝኛ ቃል አወቀ?» የሚለው ጥያቄ ያደክመኛል፤ በአፍ መፍቻው ማንበብ የጀመረ ልጅ ያኛውንም ይደርስበታል። እስክሪብቶ አትግዙ፤ እርሳስ፣ ላጲስና መቅረጫ ይበቃሉ።

ሚያዝያ ገደማ ልጁ ዓረፍተ ነገር ሲጀምር አዲስ እንቅፋት ይመጣል። ጽሕፈታችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ አይለይም። ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ «እናቴ ገና አልመጣችም» የሚለውን «ገና»ን አጥብቃ እንደ በዓሉ አነበበችውና ቆማ አሰበች። «መምህርት፣ ለፋሲካስ መጣች?» አለችኝ። እንዲህ ሲሆን ቶሎ ብላችሁ አታርሙ፤ ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው ትሂድበትና «እንደገና አንብቢልኝ» በሏት። ያቺ ልጅ በሁለተኛው አላልታ አነበበችው፤ ራሷም ሳቀች።