የአይባን ቁጥርን አንብቦ ማረጋገጥ፦ ወደ አውሮፓ ባንክ ከመላክዎ በፊት

ጀርመን ውስጥ ቤት የሚከራይ ወይም ሥራ የሚጀምር ሰው አይባን የሚባለውን ረጅም የሂሳብ ቁጥር መስጠት ወይም መቀበል አይቀርለትም። ቁጥሩ ቢረዝምም እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ሥራ አለው። ለማሳያ በሰፊው የሚጠቀሙበትን የጀርመን ቁጥር እንውሰድ፤ ሁለቱ ፊደላት በላቲን የሚጻፉ ናቸው፦

ዲኢ89 3704 0044 0532 0130 00

መጀመሪያ አገሩን አይተው ርዝመቱን ይቁጠሩ። ዲኢ ጀርመን ነው፤ የጀርመን አይባን ምንጊዜም 22 ፊደልና አኃዝ አለው። የኔዘርላንድ 18፣ የፈረንሳይና የጣሊያን 27፣ የኖርዌይ 15 ነው። ክፍተቶቹ ለዓይን እንዲመቹ የገቡ ስለሆኑ አይቆጠሩም።

ቀጥሎ ባንኩን ይለዩ። በጀርመን ከ89 በኋላ ያሉት 8 አኃዞች የባንኩ መለያ፣ የመጨረሻዎቹ 10 የደንበኛው ሂሳብ ናቸው። ኔዘርላንዶች ባንኩን በአራት ፊደላት ይጽፉታል።

89 የማረጋገጫ ቁጥር ነው። የመጀመሪያዎቹን አራት ወደ መጨረሻ ይውሰዱ፤ ፊደላቱን በቁጥር ይተኩ (ኤ 10፣ ቢ 11 እያሉ፤ ዲ 13፣ ኢ 14 ይሆናሉ)። የሚያገኙትን 370400440532013000131489 ለ97 ሲያካፍሉ ቀሪው 1 ከሆነ ቁጥሩ በትክክል ተጽፏል። ይህን በእጅ መሥራት አያስፈልግዎትም፤ የባንክ መተግበሪያዎች አንድ አኃዝ ሲሳሳቱ ወዲያው የሚያስቆሙዎት በዚህ ስሌት ነው። የአጭበርባሪ አይባን ግን ስሌቱን ያለ ችግር ያልፋል፤ የእሱም ሂሳብ እውነተኛ ሂሳብ ነውና።

ስለዚህ ዋናው ጥንቃቄ ስሙ ላይ ነው። ከጥቅምት 2025 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ የዩሮ አገሮች ባንኮች የተቀባዩ ስምና አይባን መግጠማቸውን ከመላኩ በፊት በነፃ የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው። እኛን የሚያስቸግረን እዚህ ላይ ነው። ፀሐይ የሚለውን ስም አንዱ በላቲን ቲ ይጀምረዋል፣ ሌላው በኤስ፤ አንዱ ባንክ የአያትን ስም ያስገባል፣ ሌላው በአባት ስም ያበቃል። ተቀባዩን «ባንክህ ላይ ስምህ እንዴት ነው የተጻፈው?» ብለው ይጠይቁና ሆሄውን ሳይቀይሩ ያስገቡ። «ይቀራረባል» የሚል መልስ ከመጣ ልዩነቱን ያስተውሉ። «አይገጥምም» ካለ አይላኩ፤ በሚያውቁት ስልክ ደውለው ያጣሩ። ባንኩ ክፍያውን የሚፈጽመው በሰጡት አይባን ነው፤ ቁጥሩን ራስዎ ከተሳሳቱ ገንዘቡን ለማስመለስ ይጥራል እንጂ የመተካት ግዴታ የለበትም።

ሴፓ በተባለው የዩሮ ክፍያ ሥርዓት በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ሲልኩ የባንኩ ስዊፍት ኮድ (ባንኩ በዓለም አቀፍ ክፍያ የሚለይበት ኮድ) አያስፈልግም። ደግሞም ጀርመን ያለ አሠሪ አይባንዎ የሊቱዌኒያ ስለሆነ ብቻ ደመወዝ በዚያ አልልክም ማለት አይችልም፤ የኅብረቱ ሕግ ቁጥር 260/2012 ይከለክለዋል። በኢንተርኔት ብቻ የሚሠሩ ባንኮች አይባን የሌላ አገር ሊሆን ስለሚችል ደንበኞቻቸው ይህን ቢይዙት ይጠቅማቸዋል።

ወደ ኢትዮጵያ ሲልኩ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ የኢትዮጵያ ባንኮች አይባን የላቸውም። የሚጠየቁት የሂሳብ ቁጥር፣ የተቀባይ ሙሉ ስምና የባንኩ ስዊፍት ኮድ ነው። ቅጹ አይባን ካልሞሉ አላሳልፍ ካለዎት የተከፈተው የሴፓ ቅጽ ሊሆን ስለሚችል ወደ ዓለም አቀፍ ክፍያ ይቀይሩት፤ በሂሳብ ቁጥሩ ፊት ፊደል ጨምረው አይባን ለማስመሰል አይሞክሩ።