ዳሌና እግር እኩል አልሠራ ሲል፦ ብስክሌት ነጂዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሁሌም አንዱን ጉልበት ብቻ የሚያምዎ ወይም ኮርቻው አንዱን ወገን ብቻ የሚልጥዎ ከሆነ ዳሌዎ ተዛብቶ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚያባብሰው ግን ለማስተካከል ተብሎ የሚነካካው ነገር ነው።

ብስክሌቱን ሳይፈትሹ እግርን መውቀስ

ከኋላ ቆመው የኮርቻው አፍንጫ ከላይኛው ቱቦ ጋር ቀጥ ማለቱን ይዩ። በአንድ ጎን የረገበ ኮርቻ ዳሌን ያዘነብላል። ፔዳሉን በእጅ ሲያሽከረክሩት ከተወላገደ ዘንጉ ተጣሟልና ይቀይሩት። የግራው ፔዳል ጥርስ ተገላቢጦሽ ስለሆነ የሚፈታው ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ነው።

የኮርቻውን ከፍታ በአንድ እግር ብቻ መለካት

ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበት ከ25 እስከ 35 ዲግሪ መታጠፍ አለበት፤ በሁለቱም እግር። መለኪያ ከሌለ ተረከዝዎን ፔዳሉ ላይ ያድርጉ፤ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግርዎ ዳሌ ሳይንቀሳቀስ ልክ መዘርጋት አለበት። በረጅሙ እግር ብቻ ከለኩ አጭሩ ፔዳሉን ፍለጋ ዳሌን ወደ ራሱ ይጎትታል። ይህን ለማየት ስልክ ከኋላ በኮርቻው ቁመት አስቀምጠው ብስክሌቱን ባለበት በሚይዝ ማቆሚያ ላይ አድርገው እየነዱ ይቀረጹ። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ይለፏቸው፤ ሰው እንደሚቀረጽ ሲያውቅ ተስተካክሎ ይቀመጣል።

“አንድ እግሬ አጭር ነው” ብሎ መደምደም

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። አጥንቱ እኩል ሆኖ ሳለ አንዱ የዳሌ ጡንቻ ስለተኮማተረ ብቻ እግር አጭር መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ተኝቶ በሜትር መለካትም በቀላሉ ያሳስታል። የአጥንት ልዩነትን የሚያረጋግጠው ራጅ ነው። ልዩነቱ እውነት ከሆነ ደግሞ ለእግር ጉዞ የታዘዘ የተረከዝ ድጋፍ ብስክሌት ላይ እምብዛም አይረዳም፤ ፔዳል የሚረገጠው በፊተኛው የእግር ክፍል ነዋ። የሚረዳው በጫማው ሶልና በክሊቱ (ከጫማው ሥር ታስሮ ፔዳሉን በሚነክሰው ቁራጭ) መካከል የሚገባ ንጣፍ ነው። ልዩነቱን ሙሉ በሙሉ አይሙሉት፤ 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ በ2 ወይም በ3 ይጀምሩ። ሰውነት ለዓመታት ራሱን አለማምዷል።

ጫማን በግድ ወደ ፊት ማስተካከል

ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው እግርዎን ያንጠልጥሉ። ጣቶችዎ ወደ ውጭ ካዩ ክሊቱም ያንን ይከተል፤ አለበለዚያ ጥምዘዛው ጉልበት ላይ ያርፋል። ከሺማኖ የመንገድ ክሊቶች ቢጫው 6 ዲግሪ፣ ሰማያዊው 2 ዲግሪ ያንቀሳቅሳል፤ ቀዩ ቆልፎ ይይዛል። ለመዝናናት ለሚነዳ ሰው ቢጫው ይሻላል።

ብሽሽት ሲያም ኮርቻን ዝቅ ማድረግ

ሕመሙ የሚመጣው ፔዳሉ ላይኛው ጫፍ ሲደርስ ከሆነ፣ ጉልበትም እዚያው ወደ ውጭ ከወጣ፣ ዳሌ ከሚችለው በላይ እየታጠፈ ነው። ኮርቻን ዝቅ ማድረግ የባሰ ያጥፈዋል። ይልቅስ መሪውን ከፍ ያድርጉ ወይም ክራንኩን (ፔዳሉ የሚታሰርበትን ክንድ) በአጭር ይቀይሩ። ከ170 ወደ 165 ሚሊ ሜትር ሲወርዱ ኮርቻው 5 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ፔዳሉ ላይኛው ጫፍ ላይ ከኮርቻው 10 ሚሊ ሜትር ይርቃል። ከብስክሌት ወርደውም የማይተው ሕመም ወይም እግር የሚያደነዝዝ ስሜት ካለ ግን መፍቻውን ትተው ሐኪም ጋ ይሂዱ።

ሁሉን በአንድ ቀን መቀየር

የኮርቻውን ቱቦና የክሊቱን ዙሪያ በማርከር ምልክት ያድርጉ። አንድ ነገር ብቻ፣ ኮርቻ ከሆነ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር፣ ይቀይሩና ሁለት ሦስት ጊዜ ቀለል አድርገው ነድተው ይዩት። ካልተመቸ ወደ ምልክቱ ይመልሱት።