በትምህርት ቤት ጓሮ እንዴት ማስተማር ይቻላል?

በወሎ ጎመን የሚበቅልባቸው የትምህርት ቤት ጓሮዎች ብዙ ናቸው። ትምህርት የሚሰጥባቸው ግን ጥቂት ናቸው። ልጆቹ ይቆፍራሉ፣ ውሃ ያመላልሳሉ፣ ደወል ሲደወል ለመማር ወደ ክፍል ይገባሉ። ስለዚህ መምህር ሆይ፣ አካፋ ከመያዝዎ በፊት የዓመቱን የትምህርት ዕቅድ ይያዙ። ከሂሳብ፣ ከአካባቢ ሳይንስና ከአማርኛ ደጅ ወጥቶ ቢሰጥ የሚሻለውን ይምረጡ። ለመጀመሪያው ዓመት ሦስት ወይም አራት ርዕስ ይበቃል።

ቀጥሎ ወቅቱን ያስቡ። ዋናው ዝናብ ሲዘንብ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ወሎ ግን በልግ አለው። አንዱን ዙር መስከረም ላይ፣ መሬቱ ሳይደርቅ ይዝሩ። ሌላውን ከየካቲት ጀምሮ፣ በልጉ ሲገባ። በልግ የሚቀርበት ዓመት ስላለ የእጅ መታጠቢያውን ውሃ በቦይ ወደ ተክሉ መደብ ይምሩት። ውሃው ሥሩን እንጂ ቅጠሉን አይንካ።

መቀመጫው የዛፍ ጥላ ሥር ይሁን። ድንጋይ ወይም ግንድ በግማሽ ክብ ይደርድሩ። ፀሐይ ከልጆቹ ጀርባ ትሁን፤ ፊት ለፊቷን መምህሩ ይቻላት። ኮምቦልቻና መርሳ ላይ ጠዋት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ይሻላል። ደሴና ወገል ጤና ደግሞ ብርዱ እስኪለቅ መጠበቅ ነው።

አጥሩ ከዘሩ ይቅደም። ፍየል ከገባች የወራት ልፋት በአንድ ከሰዓት ያልቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። መደቡን አስቀድመው አይለኩ፤ ልጆቹ ይለኩት። 10 ሜትር ገመድ ጫፍና ጫፉን አስረው ይስጧቸው። 4 በ1 አድርገው ሲዘረጉት ስፋቱ 4 ካሬ ሜትር ነው። በዚያው ገመድ 3 በ2 ሲያደርጉት 6 ይሆናል። ዙሪያው ሳይለወጥ ስፋቱ ለምን ጨመረ? ይከራከሩበት፤ መልሱን ቶሎ አይንገሯቸው። ለመትከል ግን 4 በ1 ይሻላል፤ የልጅ እጅ መሬቱን ሳይረግጥ መሃሉ ድረስ ይደርሳል።

ዝናብም ይለካል። የሃይላንድ ጠርሙስ አንገቱን ቆርጠው ታቹን በጠጠር ይሙሉ። ጠጠሩ እስኪሸፈን ውሃ ጨምረው እዚያ ላይ ዜሮ ብለው ምልክት ያድርጉ። 1 ሚሊሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። 5 ሚሊሜትር ከዘነበ 4 ካሬ ሜትሩ መደብ 20 ሊትር፣ አንድ ሙሉ ጀሪካን ጠጣ ማለት ነው። ውሃ የቀዳ ልጅ ይህን ቁጥር በትከሻው ያውቀዋል።

ለሳይንሱ ደጋ ላይ ባቄላ፣ ቆላ ላይ ማሾ ይዝሩ። ሲያብብ አንዱን ሥሩ ሳይበጠስ ቆፍረው ያውጡ። ሥሩ ላይ ያሉትን እባጮች ሰንጥቀው ያሳዩ። ውስጡ ሮዝ ከሆነ ባክቴሪያዎቹ ከአየር ናይትሮጅን ወስደው ተክሉን እየመገቡት ነው። ከዚያ ከሰፈሩ አንድ አዛውንት ገበሬ ይጋብዙ። ልጆቹ «አባባ፣ ባቄላ የነበረበት ላይ ገብስ ለምን ይዘራል?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱንም ይጻፉ። የአማርኛው ክፍለ ጊዜ ይኸው ነው።

አደራ፣ አረም ማረምን ቅጣት አያድርጉት። ያረፈደ ልጅ ወደ መደቡ ከተላከ፣ ሌሎቹም ቦታውን ይጠሉታል።

ሰኔ ላይ ከመለያየታችሁ በፊት ሁለት ሦስት የባቄላ ተክል ለዘር ይተዉ። ከመደቡ በላይ በኩልም ቦይ ይቅደዱ፤ የክረምቱ ጎርፍ አፈሩን እንዳይወስደው።