ማይል ሲሰበስቡና ላውንጅ ሲያስቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አየር መንገዶች ለሚበር ደንበኛ የሚሰጡት ነጥብ ማይል ይባላል፤ የሚመዘገበውም በአባልነት ካርድ ላይ ነው። በአንድ አየር መንገድ በርሮ ማይሉን በሌላ አየር መንገድ ካርድ ላይ ማስመዝገብ ይቻላል። ይህን የሚያስችሉ ሦስት ትልልቅ ጥምረቶች አሉ። ስታር አሊያንስ እ.ኤ.አ. በ1997 ተመሠረተ። ዋንወርልድ በ1999፣ ስካይቲም ደግሞ በ2000 ተከተሉት። በአንድ ጥምረት ውስጥ ያሉ አየር መንገዶች አንዱ የሌላውን ደንበኛ ያስተናግዳል። እስከዚህ ድረስ ቀላል ነው። ሰው የሚሸወደው ዝርዝሩ ላይ ነው። ያውም የሚነቃው ትኬቱ ተገዝቶ፣ በረራው ካለቀ በኋላ ነው።

በየአየር መንገዱ ካርድ ማውጣት

አዲስ አየር መንገድ በተሳፈሩ ቁጥር አዲስ ካርድ የሚያወጡ ሰዎች አሉ። ምዝገባው ነጻ ስለሆነ ጉዳት ያለው አይመስልም። ግን ማይሉ ይበታተናል። እዚህ ጥቂት ሺህ፣ እዚያ ጥቂት ሺህ ይሆናል። አንዱም ለነጻ ትኬት አይበቃም፣ አንዱም እንደ ሲልቨርና ጎልድ ያለ የአባልነት ደረጃ አያስገኝም። ሉፍታንዛ፣ ተርኪሽ፣ ሲንጋፖር እና የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሁሉም የስታር አሊያንስ አባላት ናቸው። በአራቱም የሚበር ሰው አንድ ካርድ ይበቃዋል።

የትኛውን ካርድ ይያዝ? ብዙዎች አዘውትረው የሚበሩበትን አየር መንገድ ይመርጣሉ። ጥሩ መነሻ ነው፤ ግን ብቻውን አይበቃም። ማይሉ መቼ እንደሚቃጠል ይዩ። የሲንጋፖሩ ክሪስፍላየር ማይል በመደበኛው 36 ወር ነው የሚቆየው። የአሜሪካው ዩናይትድ አየር መንገድ ማይል ግን የማብቂያ ቀን የለውም። የጎልድ ደረጃ ለማግኘት ምን ያህል መብረር እንደሚጠበቅብዎም ያጣሩ፤ ከካርድ ካርድ በጣም ይለያያል። ሌላው የሚረሳ ነገር አለ፦ አንዳንዱ ካርድ ደረጃ ለመስጠት በራሱ አውሮፕላን እንዲበሩ ያስገድዳል። ዩናይትድ ለምሳሌ በዓመት ቢያንስ 4 በረራ በራሱ አውሮፕላን ይጠይቃል። ሁሌ በአጋሮቹ ብቻ የሚበሩ ከሆነ ምንም ያህል ቢሰበስቡ ደረጃው አይመጣም።

ማይልን ከደረጃ ጋር መቀላቀል

ሒሳቡ ሁለት ነው። አንደኛው ነጻ ትኬት የሚገዙበት ማይል ነው። ሁለተኛው ደረጃ የሚወስነው ነጥብ ነው፤ እያንዳንዱ አየር መንገድ የራሱን ስም አውጥቶለታል። ነጻ ትኬት የሚገዛውን ማይል ከሆቴል፣ ከባንክ ካርድ፣ ከመኪና ኪራይ ማግኘት ይቻላል። በገንዘብ መግዛትም ይቻላል። የደረጃው ነጥብ ግን በብዙ አየር መንገዶች ዘንድ በዋናነት ከበረራ ነው የሚመጣው።

ወደ ላውንጅ፣ ማለትም ኤርፖርት ውስጥ ወዳለው ልዩ ማረፊያ፣ የሚያስገባው ሁለተኛው ነው። ስለዚህ በሒሳቡ ላይ ብዙ ማይል ያለው ሰው ላውንጅ በር ላይ ቢመለስ አይገረም። ማይሉ ከገበያና ከሆቴል ተጠራቅሞ ይሆናል፤ በደረጃ ግን ከተራ አባል አልፎ አያውቅም።

ሁሉም ትኬት እኩል ማይል ያመጣል ብሎ ማሰብ

ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ጋ ነው።

ኢኮኖሚ ስንል አንድ ክፍል ይመስለናል። በአየር መንገዱ ሲስተም ውስጥ ግን ኢኮኖሚ ብቻውን የትኬቱን ዓይነት የሚለዩ ከአሥር በላይ ፊደላት ሊኖሩት ይችላል። ዋይ፣ ቢ፣ ኤም እያለ ይወርዳል። ወንበሩ ያው ነው፣ ምግቡም ያው ነው። ዋጋው፣ ትኬቱን የመቀየር መብቱ እና የሚያስገኘው ማይል ግን ይለያያል። 5,000 ማይል ርቀት ካለው በረራ አንዱ ፊደል መቶ በመቶ፣ ማለትም 5,000 ሊያስገኝ ይችላል። ሌላው 25 በመቶ፣ ማለትም 1,250 ብቻ ያስገኛል። ጭራሽ ምንም የማያስገኝም አለ። በተለይ በቅናሽ የተገዛ ርካሽ ትኬት በአጋር አየር መንገድ ካርድ ላይ ዜሮ ሆኖ መምጣቱ የተለመደ ነው።

ፊደሉ የት ይገኛል? ትኬት ሲገዙ በኢሜይል የሚላክልዎ ደረሰኝ ላይ ከበረራ ቁጥሩ አጠገብ አለ። ከመክፈልዎ በፊት ማየት ከፈለጉ የበረራ ዝርዝሩን ይክፈቱ፤ ካልታየ ትኬት ቢሮውን ይጠይቁ። ከዚያ ወደ ካርድዎ አየር መንገድ ድረ ገጽ ይግቡ። የሚበሩበትን አጋር ስም ፈልገው ሠንጠረዡን ይመልከቱ። የሚበሩበት አየር መንገድ ሠንጠረዥ እዚህ ጋ አይረዳዎትም። ወሳኙ ካርዱን የሰጠዎት አየር መንገድ የጻፈው ነው። አንድ በረራ፣ አንድ ፊደል፣ በአንዱ ካርድ ሙሉውን፣ በሌላው ግማሹን ሊያስቆጥር ይችላል። ሁለት ካርድ ማወዳደር አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

በዚህ ላይ ሌላ ነገር ተጨምሯል። ዴልታና ዩናይትድ ከ2015፣ አሜሪካን ኤርላይንስ ከ2016 ጀምሮ በራሳቸው በረራ ላይ ለራሳቸው አባላት ማይል የሚሰጡት በርቀት ሳይሆን በተከፈለው ገንዘብ ነው። ኤር ፍራንስና ኬኤልኤምም በ2018 ተከትለዋቸዋል። ይሄው በረራ በአጋር ካርድ ላይ ከተመዘገበ ግን ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው በርቀቱና በፊደሉ ነው። ነገሩ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ረጅምና ርካሽ በረራ በርቀት በሚቆጥር ካርድ ላይ ያተርፋል። አጭርና ውድ በረራ ደግሞ በገንዘብ በሚቆጥረው ላይ ይሻላል። የመሥሪያ ቤት ትኬት ለሚበር ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

በማይል ወይም በዕድል ወደ ቢዝነስ ክላስ ካደጉም ብዙ አይደሰቱ። አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠርልዎ መጀመሪያ በከፈሉበት ክፍል ነው።

አውሮፕላኑ የማን እንደሆነ አለማየት

ትኬቱ ላይ ያለው የበረራ ቁጥር የአንዱ ነው፤ የሚበረው አውሮፕላን የሌላው ይሆናል። ኮድሼር የሚባለው ይሄ ነው። ብዙ ካርዶች ማይል የሚያስሉት የሚያበረውን አየር መንገድ አይተው ነው። ቁጥሩን ያወጣውን የሚያዩም አሉ። የሚያበረው አየር መንገድ ከጥምረቱ ውጭ ከሆነ ደግሞ ማይሉም ላውንጁም ሊቀር ይችላል። ዋንወርልድ ለላውንጅ በረራው በአባሎቹ የተሸጠም የሚበርም እንዲሆን ይፈልጋል። ደረሰኙ ላይ አውሮፕላኑን ማን እንደሚያበረው በትንሽ ጽሑፍ የተጻፈች መስመር አለች። እሷን ሳያነቡ አይክፈሉ።

ቁጥሩን ረስቶ በኋላ መሯሯጥ

የአባልነት ቁጥሩን ትኬት ሲገዙ ያስገቡ። ቼክ ኢን ላይ መታተሙን ቦርዲንግ ፓሱ ላይ ያረጋግጡ። አንድ በረራ የሚመዘገበው በአንድ ካርድ ላይ ብቻ ነው፤ አንዴ ከተቆጠረ በኋላ ወደ ሌላ ማዛወር አይቻልም ማለት ይቻላል። ቢረሱም መጠየቅ ይቻላል፤ ቀነ ገደቡ ግን በብዙዎቹ 6 ወይም 12 ወር ነው። ስለዚህ ማይሉ እስኪገባ ድረስ ቦርዲንግ ፓሱንና የትኬት ቁጥሩን አይጣሉ።

ስምም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የእኛ ስም በላቲን ፊደል በተለያየ መንገድ ይጻፋል። ካርዱ ሲወጣ በአንድ ዓይነት ተጽፎ፣ ፓስፖርቱ ላይ በሌላ ከሆነ ሲስተሙ ሁለት ሰው አድርጎ ይቆጥራችኋል። ማይሉ ሳይገባ ይቀራል። ካርዱን በፓስፖርቱ ልክ፣ ፊደል በፊደል ያስተካክሉት።

ሲልቨር ስለሆንኩ ላውንጅ እገባለሁ ማለት

አንድ አየር መንገድ ለደረጃው ያወጣው ስምና ጥምረቱ የሚያውቀው ስም የተለያዩ ናቸው። በር ላይ የሚታየው የጥምረቱ ነው። በስታር አሊያንስ ላውንጅ የሚያስገባው ጎልድ ነው፤ ሲልቨር አያስገባም። በዋንወርልድ ከሳፋየር ጀምሮ ነው፤ ሩቢ አይበቃም። በስካይቲም ኤሊት ፕላስ ነው የሚፈለገው፤ ኤሊት ብቻውን አይሠራም።

ግራ የሚያጋባው ይሄ ነው፦ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ሲልቨር በዋንወርልድ ዘንድ ሳፋየር ነው፤ ስለዚህ ላውንጅ ይገባል። የሉፍታንዛ ሴናተር የስታር አሊያንስ ጎልድ ነው። ከሱ በታች ያለው ፍሪኩዌንት ትራቨለር ሉፍታንዛ የራሱን ላውንጅ ይከፍትለታል፤ በጥምረቱ ዘንድ ግን ሲልቨር ስለሆነ በአብዛኞቹ ሌሎች አጋሮች በር ላይ ይመለሳል። ካርዱ ወይም ቦርዲንግ ፓሱ ላይ የጥምረቱን ምልክትና ደረጃ ይፈልጉ፤ የቀለሙን ስም ይተዉት።

ጎልድም ሆነው የማይገቡበት ቦታ አለ። የዩናይትድ የራሱ ጎልድ አባል በአሜሪካ የአገር ውስጥ በረራ ብቻ እየተጓዘ የአየር መንገዱ ላውንጅ ወደሆነው ዩናይትድ ክለብ በደረጃው አይገባም። በሌላ አገር አየር መንገድ ካርድ ጎልድ የሆነ ሰው ግን በዚያው በረራ ይገባል! አሜሪካን ኤርላይንስም በዋንወርልድ በኩል ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል፤ የራሱን አባላት በአገር ውስጥ በረራ በደረጃ ብቻ አያስገባም። ስካይቲም ደግሞ የኤሊት ፕላስ አባል ዓለም አቀፍ ጉዞ ላይ እንዲሆን ይጠይቃል። አሜሪካ ውስጥ ብዙ የሚመላለስ ሰው ካርዱን ከሌላ አገር ቢይዝ የሚያዋጣው ለዚህ ነው። ፍትሐዊ ነው ወይ ካላችሁኝ፣ አይመስለኝም። ግን ደንቡ ይፈቅዳል።

እንግዳ ይዞ ስለመግባትም ብዙ ግራ መጋባት አለ። በስታር አሊያንስ ጎልድ ያለው ሰው አንድ እንግዳ ያስገባል። የቢዝነስ ክላስ ትኬት ብቻ ያለው ሰው ግን የሚገባው ለራሱ ነው፤ እንግዳ የለውም። ባልና ሚስት አንዱ ቢዝነስ፣ አንዱ ኢኮኖሚ ከሆኑ፣ ቢዝነስ ያለው ጎልድ ካልሆነ በር ላይ መለያየት ይመጣል። እንግዳውም ቢሆን ሊሸኝ የመጣ ሰው አይደለም፤ በዚያው ዕለት በጥምረቱ በረራ የሚሳፈር መሆን አለበት።

ላውንጁ የሚፈቀደው በመነሻ ላይ ነው። ሲደርሱ ሻወር እወስዳለሁ ብለው ካሰቡ፣ የመድረሻ ላውንጅ በጎልድ ደረጃ ብቻ የሚገኝ ጥቅም አይደለም። ከባንክ ካርድ ጋር የሚሰጡ እንደ ፕራዮሪቲ ፓስ ያሉ ካርዶች ደግሞ የራሳቸው የላውንጅ ዝርዝር አላቸው፤ ከአየር መንገድ ደረጃ ጋር አያምታቱት።

አጋር ሁሉ የጥምረት አባል ነው ብሎ መውሰድ

ኤምሬትስ በየትኛውም ጥምረት ውስጥ የለም። የአውስትራሊያው ኳንታስ የዋንወርልድ አባል ሆኖ ሳለ ከ2013 ጀምሮ ከኤምሬትስ ጋር የራሱ ስምምነት አለው። በእንዲህ ያለ የሁለትዮሽ ስምምነት ነጥብ ሊቆጠርልዎ ይችላል። ላውንጅ ግን ስምምነቱ በግልጽ ከጻፈው ውጭ የለም። የሌላ ዋንወርልድ አባል ካርድ ይዘው ኤምሬትስ ላውንጅ በር ላይ ቢቆሙ ሳፋየር መሆንዎ ለማንም ምኑም አይደለም።

ጥምረቱ ራሱም ይቀያየራል። የደቡብ አሜሪካው ላታም በ2020 ከዋንወርልድ ወጥቷል። የስካንዲኔቪያው ኤስኤኤስ ስታር አሊያንስን ከመሠረቱት አምስቱ አንዱ ነበር፤ በ2024 ለቅቆ ስካይቲም ገባ። ከወራት በፊት ትኬት የገዛ ሰው በሚበርበት ቀን አየር መንገዱ የት እንዳለ ደግሞ ቢያይ አይጎዳም።

በማይል የተገዛ ትኬት ላይ ቁጥሩን እንዳለ መተው

በማይል የወሰዱት ነጻ ትኬት በአብዛኛው ማይል አያስገኝም። ስለዚህ ብዙ ሰው የትኛው ቁጥር እንደገባበት ግድ የለውም። ትኬቱን በአንድ ካርድ ማይል ገዝተው፣ ጎልድ ደረጃዎ በሌላ ካርድ ላይ ከሆነ ግን ግድ ሊልዎት ይገባል። ሲስተሙ ማይሉ የወጣበትን ካርድ ቁጥር በራሱ ያስገባል፤ ቦርዲንግ ፓሱም ያለ ጎልድ ምልክት ይታተማል። የሚበርዎትን አየር መንገድ ደውለው ወይም ቼክ ኢን ጠረጴዛው ላይ ቁጥሩ በጎልዱ ካርድ እንዲተካ ይጠይቁ፤ የከፈሉት ማይል ላይ የሚያመጣው ነገር የለም። ቦርዲንግ ፓሱ ከታተመ በኋላ ከሆነ እንደገና ያሳትሙት። የላውንጅ በር ላይ ያለው ማሽን የሚያነበው እሱን ነው።