ከሰበታ እስከ ለገጣፎ፦ ውጭ አገር ለመማር ሲነሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአዲስ አበባ ዙሪያ ካሉት ከሰበታ፣ ከቡራዩ፣ ከሱሉልታ ወይም ከለገጣፎ ተነስቶ ውጭ አገር ለመማር የሚያመለክት ተማሪ ውጤቱ ጥሩ ሆኖ ሳለ በወረቀት የሚሰናከልበት ጊዜ ብዙ ነው። አስቀድሞ ከታየ በአንድ ቀን የሚያልቅ ጉዳይ፣ የቪዛ ቀጠሮ ከተያዘ በኋላ ሳምንታት ይበላል።

ስምን በየወረቀቱ በተለያየ ፊደል መተው

ይህ በአዲስ አበባ ዳርቻ ከመሀሉ ይብሳል። ከኦሮሚያ ከተማ አስተዳደር የወጣ የልደት ምስክር ወረቀት ስሙን በቁቤ፣ ማለትም አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ይጽፋል፤ ፓስፖርቱ ደግሞ በእንግሊዝኛ ልማድ። በቁቤ ጠ በ«ኤክስ»፣ ጨ በ«ሲ» ይጻፋል፤ አናባቢው ሲረዝምም ፊደሉ ይደገማል። ስለዚህ ጫልቱ የልደት ወረቀቷ ላይ በ«ሲ» ጀምራ ሁለት «ኤ» እና መጨረሻዋ ላይ ሁለት «ዩ» ይኖራታል፤ ፓስፖርቷ ላይ ግን በ«ሲኤች» ትጀምራለች፣ አናባቢዎቿም አንድ አንድ ናቸው። ለእኛ አንድ ስም ነው፤ ቡዳፔስት ወይም በርሊን ተቀምጦ ፋይል ለሚያገላብጥ ሠራተኛ ግን ሁለት ሰው ነው። በአማርኛ ስሞችም ያው ነው፦ ሐና በአንድ «ኤን» ወይስ በሁለት? ኃይሉ በ«አይ» ወይስ በ«ዋይ»?

ፓስፖርት ገና ካላወጣችሁ ፋይዳችሁን (ብሔራዊ መታወቂያችሁን)፣ የ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬታችሁንና ትራንስክሪፕታችሁን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘርግታችሁ አንድ አጻጻፍ ምረጡ። ፓስፖርቱ ከወጣ በኋላ መሪው እሱ ነው፤ ሌላው ወረቀት ሁሉ ወደ እሱ ይስተካከላል። ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ ሬጅስትራር ሄዳችሁ የምታስተካክሉት ዲግሪው ከመታተሙ በፊት ይሁን።

«የቤተሰብ ስም» የሚለው ሳጥንም ያምታታል፤ እኛ የቤተሰብ ስም የለንምና። አንዱ ቅጽ ላይ የአባት፣ ሌላው ላይ የአያት ስም የሞላ ተማሪ የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤቱ ከማመልከቻው ጋር አልገናኝ ይለዋል። ፓስፖርቱ በዚያ መስመር ላይ ያተመውን፣ እሱኑ ብቻ፣ ሁሉም ቦታ ጻፉ።

የልደት ቀንን በግምት መቀየር

የኢትዮጵያን ዓመት ወደ ፈረንጆች ለመቀየር «ስምንት ዓመት ደምር» የሚለው ምክር የዓመቱን ሲሶ ያህል ያሳስታል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ የሚደመረው 7 ነው፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8። ቀኑም ራሱ በየአራት ዓመቱ ይንሸራተታል፦ ጥር 15 ቀን 1997 ዓ.ም. ጃንዋሪ 23 ቀን 2005 ሲሆን፣ ጥር 15 ቀን 1996 ዓ.ም. ግን ጃንዋሪ 24 ቀን 2004 ነው። ከ1996 በፊት የነበረችው የ1995 ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበራት አንድ ቀን ተገፍቷል። የቀን መቀየሪያ ተጠቀሙ፤ ውጤቱ ፓስፖርት ላይ ካለው ጋር በአንድ ቀን እንኳ ከተለያየ እንዳላየ አትለፉት።

ሰዓትን በልማድ ማንበብ

የለንደን ዩኒቨርሲቲ በጃንዋሪ ጠዋት 10 ሰዓት ላይ ቃለ መጠይቅ ከቀጠረ፣ እዚህ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። ያው ቀጠሮ በጁላይ ቢሆን ከቀኑ 6 ሰዓት ይሆናል፤ እነሱ በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ሰዓታቸውን ያዞራሉ፣ እኛ አናዞርም። ማመልከቻ የሚዘጋበት «23፡59 የመካከለኛው አውሮፓ ሰዓት» በክረምታቸው የእኛ ሌሊት 7 ሰዓት ከ59 ነው። በዚያ ሰዓት መብራት ከሄደ ወይም ኔትወርክ ከደከመ ማንም አይሰማችሁም። ከሁለት ቀን በፊት ላኩ።

ትራንስክሪፕትን ለመጨረሻ ማቆየት

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ የወጪ መጋራት ጉዳዩን (ለትምህርቱ የሚመልሰውን የወጪ ድርሻ) ሳይጨርስ ዋናውን ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ለማግኘት ይቸገራል። ከዚያም ወረፋ አለ፦ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ እንደ አገሩ ደግሞ ኤምባሲው። አንዱ ሳያትም ሌላው አይቀበልም። በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ የወጣ ወረቀት ፈቃድ ባለው ተርጓሚ መተርጎም አለበት፤ ተርጓሚው ስማችሁን እንደ ፓስፖርቱ እንዲጽፍ የፓስፖርቱን ኮፒ ስጡት። ከሱሉልታ ወይም ከቡራዩ እየተመላለሱ ይህን ሁሉ በአንድ ሳምንት መጨረስ አይቻልም፤ ሁለት ወር ያዙለት።

ገንዘቡን ማሳየት እንጂ መቆየቱን አለማሰብ

እንግሊዝ የምትጠይቀው ገንዘብ ለ28 ተከታታይ ቀናት አካውንት ውስጥ ሳይቀንስ መቆየት አለበት። ከዕቁብ ወጥቶ ወይም ከዘመድ ተሰብስቦ በማመልከቻው ዋዜማ የገባ ብር አይረዳም፤ በ20ኛው ቀን ለአንድ ጉዳይ ተወስዶ በማግስቱ የተመለሰም ቆጠራውን እንደገና ያስጀምራል። አካውንቱ የወላጅ ከሆነ የልደት ምስክር ወረቀትና የፈቃድ ደብዳቤ ይጠየቃል፤ የስሙ ጉዳይ እዚህም ይመለሳል። ጀርመን ደግሞ በዝግ አካውንት ለዓመት 11,904 ዩሮ ትጠይቃለች፤ በየወሩ የምታወጡት 992 ብቻ ነው። በረራና የቤት መያዣ በዚህ ውስጥ አይታሰቡም።

ኢሜይሉን ለደላላ መተው

ለቱርክ መንግሥትም ሆነ ለሃንጋሪ ስኮላርሺፕ ማመልከት ነፃ ነው። ሙሉልኝ ብሎ ለደላላ መክፈል ያለ ነው፤ የሚጎዳው ማመልከቻው በደላላው ኢሜይል መከፈቱ ነው። የቃለ መጠይቁ ጥሪ ለእሱ ይደርሳል፣ እናንተ ጋ ሳይደርስ ቀኑ ያልፋል። ኢሜይሉም የይለፍ ቃሉም የራሳችሁ ይሁን።

ሻንጣ

ቅቤና ቋንጣ ወደ አውሮፓ ኅብረትም ሆነ ወደ እንግሊዝ አይገቡም፤ የሥጋና የወተት ውጤት ስለሆኑ ጉምሩክ ይወስዳቸዋል። እናት ስትሸኝ እንቢ ማለት ከባድ እንደሆነ እናውቃለን፤ ሽሮና በርበሬ ይበቃል በሏት። ሁለቱም ተለያይተው በሁለት ሁለት ላስቲክ ታሽገው፣ ምን እንደሆኑ በእንግሊዝኛ ተጽፎባቸው ይሂዱ። ዋናው ዲግሪ፣ ትራንስክሪፕትና የክትባት ካርድ ግን በእጅ ቦርሳ ነው የሚያዙት።

ከደረሱ በኋላ ዝም ማለት

እኛ ጋ መምህር ሲናገር ዝም ማለት አክብሮት ነው። እዚያ ግን ዝምታ ሳታነቡ የመጣችሁ ያስመስላል። ለአማካሪያችሁ ስትጽፉ «ይህን አነበብኩ፣ እዚህ ገጽ ላይ ቆምኩ፣ ጥያቄዬ ይህ ነው» በሏቸው፤ በሦስት መስመር ያልቃል። ከመጽሐፍ የወሰዳችሁትን ዓረፍተ ነገር ምንጩን ሳትጠቅሱ ብታስገቡ፣ አንድ ሐረግ ለውጣችሁም ቢሆን፣ እንደ ስርቆት ይቆጠራል፤ ያን ኮርስ ብቻ ሳይሆን ቪዛውንም ሊያሳጣ ይችላል። ማስታወሻ ስትይዙ ጀምሮ የመጽሐፉን ቃል በትእምርተ ጥቅስ፣ የራሳችሁን ያለ ጥቅስ ጻፉ፤ ከገጹ ቁጥር ጋር።

የሥራ ሰዓትንም አትለፉ፦ እንግሊዝ በትምህርት ጊዜ በሳምንት 20 ሰዓት፣ ጀርመን በዓመት 140 ሙሉ ቀን ነው። ጀርመን የገባ ደግሞ ቤት በያዘ በሁለት ሳምንት ውስጥ አድራሻውን ማስመዝገብ አለበት፤ ለዚያም የአከራዩ የተፈረመ ወረቀት ያስፈልጋል። ቤት ስትከራዩ መጀመሪያ ያን ወረቀት እንደሚሰጧችሁ ጠይቁ፣ ቁልፉን ከዚያ በኋላ ተቀበሉ።