ለመናፈሻና ለወንዝ ዳር ቦታ ሲተው ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ፣ ኮምቦልቻና ወልድያ እየሰፉ ነው። የቤት ማህበራት መሬት ይረከባሉ፣ አልሚዎች ሊዝ ይጫረታሉ፣ ችካል ይተከላል። በዚህ ሁሉ ሩጫ ቶሎ የሚረሳው ማንም ቤት የማይሠራበት ቦታ ነው። ልጆች የሚሯሯጡበት፣ ቅሬው (የሰፈሩ እድር) ድንኳን የሚተክልበት፣ ሽማግሌ አረፍ የሚልበት ማለቴ ነው። አንዴ ቤት ካረፈበት መልሶ ማግኘት ዘበት ነው። ስለዚህ ቦታው ሳይሸነሸን በፊት እነዚህን ስህተቶች ልብ በሉ።

ከሁሉም የሚከፋው ትርፍራፊውን አረንጓዴ ቦታ ብሎ መመዝገብ ነው። ሜዳው በሙሉ ለቤት ይሸነሸናል። ገደሉና ቦረቦሩ ፕላኑ ላይ አረንጓዴ ይቀባል። በወረቀት ሲታይ ድርሻው ሞልቷል። ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል ያለች፣ የመሬት መንሸራተት የሚያሰጋት ከተማ ናት። ተዳፋቱ ከግንባታ ነፃ ሆኖ በዛፍ መሸፈን አለበት፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ግን እሱ አፈሩን ይይዛል እንጂ ልጅ አያጫውትም። ገደል ላይ ኳስ አይመታም፤ ምርኩዝ የያዙ እናትም ቦረቦር አይወርዱም። ሁለቱን ለየብቻ ቁጠሯቸው፦ ለጥበቃ የተተወው ስንት ካሬ ነው፣ ሰው የሚቀመጥበትና የሚጫወትበት ሜዳስ ስንት ነው? ሁለተኛው ቁጥር ዜሮ ከሆነ መናፈሻ አልተውም ማለት ነው።

ሌላው ስህተት ቦታው ከተከፋፈለ በኋላ መናፈሻ መፈለግ ነው። የአገራችን የከተማ ፕላን አሠራር ከመሬቱ 30 በመቶ ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ለጋራ ቦታ፣ 40 በመቶ ለግንባታ የሚል መነሻ አለው። 10 ሄክታር ላይ ብናሰላው ለአረንጓዴና ለጋራ ቦታ 3 ሄክታር ይደርሰዋል። ይህ መያዝ ያለበት ቀያሹ የመጀመሪያውን መስመር ሲያሰምር ነው። ዕጣ ከወጣ በኋላ ደርሶት የነበረውን ካሬ የሚመልስ ማህበርተኛ አይገኝም።

በመቶኛ ብቻ መለካትም ያሳስታል። ቪላ የሚሠራበት ሰፈርና ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ የሚቆምበት ሰፈር እኩል ሰው አይኖርባቸውም። የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1965 ያወጣችው ሕግ ስሌቱን ከነዋሪው ቁጥር ጋር አያይዞታል። መነሻው ለ1,000 ሰው 3 ኤከር፣ ማለትም 1.2 ሄክታር ገደማ ነው። እዚያ መሬቱ የግል ስለሆነ አልሚው ከራሱ ቆርሶ ይሰጣል፣ ወይም በምትኩ ገንዘብ ይከፍላል። እኛ ጋ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ በሊዝ የሚያዘው የመጠቀም መብት ነው። ስለዚህ አልሚ መናፈሻ ሲተው ችሮታ እንዳደረገ አይቆጠር። ነዋሪውም እንደ ልመና ሳይሆን እንደ መብቱ ይጠይቅ። ሰውን ቆጥሮ ቦታ የመተው ሐሳቡ ግን ለእኛም ይሠራል።

ወንዝ ዳርን መቆራረጥ ደግሞ ዳፋው ሩቅ ይሄዳል። ቦርከና ደሴን አቋርጦ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ላይ ያለው ሰው አጥሩን እስከ ውሃው ካስጠጋ፣ አፈርና ድንጋይ ከገፋበት፣ ጎርፉ ታች ያለውን ያገኘዋል። በዚያ ላይ የወንዝ ዳር አረንጓዴ መስመር ጥቅሙ መቀጠሉ ነው። አንድ አጥር መሀል ላይ ከገባ መሄጃው እዚያ ያበቃል። ከላይና ከታች የሚያዋስኗችሁን ማህበራት አግኝታችሁ የሁላችሁም መስመር መግጠሙን በፕላኑ ላይ አረጋግጡ።

ክፍት ቦታን ያለ ሰነድ መተውም እንደዚያው አደገኛ ነው። ካርታ የሌለው ባዶ ቦታ መጀመሪያ ቆሻሻ ይጣልበታል፣ ቀጥሎ ኮንቴይነር ይቀመጥበታል፣ በመጨረሻ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ታገኙታላችሁ። የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። የጋራ ቦታው ወሰኑ ተለክቶ፣ አገልግሎቱ በግልጽ ተጽፎ በካዳስተር፣ ማለትም በመሬት ይዞታ መዝገቡ፣ እንዲገባ ጠይቁ። ቅጂው በማህበሩ እጅ ይኑር። ቦታው ለምን እንደተተወ የሚያውቁ የቅሬ ሽማግሌዎችም ወሰኑን በእግራቸው ዞረው ይዩት።

የመጨረሻው ችግኝ ተክሎ ዘወር ማለት ነው። ባህር ዛፍ ቶሎ ስለሚያድግ ብቻ አትምረጡ፤ ውሃ ይስባል፣ ሥሩ ሌላ አያበቅልም። ለደሴ ብርድ ጽድና ወይራ፣ ለኮምቦልቻ ሙቀት ዋንዛና ግራር ይስማማሉ። የወሎ በልግ አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ ይቀራል። ችግኙ ሥር እስኪይዝ ድረስ በበጋ ማን ያጠጣል፣ የጥበቃው ደመወዝ ከየት ይወጣል የሚለው በቃለ ጉባኤ ይስፈር። የውሃ መስመሩም ከኮብልስቶኑ በፊት ይግባ፤ ከተነጠፈ በኋላ ለመናፈሻ ብሎ የሚቆፍር የለም።