ኪት አውሮፕላን ጅማ ላይ ልትገጣጥሙ ያሰባችሁ፣ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

ኪት አውሮፕላን ማለት ተፈታቶ የሚሸጥ ነው፦ ባለ ሁለት ወንበር አውሮፕላን በሳጥን ታሽጎ ይመጣል፣ ጋራዥ ውስጥ ይገጣጠማል፣ ይበራል። ቪዲዮ ላይ ሲያዩት ቀላል ነው። ጅማ ውስጥ ይህን የሚመኙ ልጆች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ደስ ይላል፣ ግን ገንዘብም ነፍስም የሚበሉ ስህተቶች አሉበት።

ዋጋውን በደንብ ሳያነቡ መጓጓት። ማስታወቂያው ላይ የምታዩት ብዙ ጊዜ የአካሉ ዋጋ ብቻ ነው። ሞተር የለበትም። ፕሮፔለሩ (ፊት ላይ የሚሽከረከረው ምላጭ)፣ የበረራ መሣሪያው፣ ራዲዮው፣ ቀለሙ ሁሉ ለብቻ ይገዛል። ከዚያ የጅቡቲ ወደብ፣ ጉምሩክ፣ ዶላር ፍለጋ አለ።

ፈቃዱን ለመጨረሻ ማቆየት። "መጀመሪያ እንሥራው፣ ከዚያ እናሳያቸዋለን" የሚሉት ነገር አያዋጣም። አሜሪካ ውስጥ ሰው ከሥራው ከግማሽ በላዩን በራሱ እጅ ከሠራው በሙከራ አውሮፕላንነት ይመዘገብለታል፤ እሱ ግን የእነሱ ሕግ ነው። እኛ የምንጠይቀው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንን ነው፣ ብር ከመክፈላችን በፊት፣ በጽሑፍ። ሥራውንም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ፎቶ እያነሣችሁ መዝግቡ። ክንፉ ከተዘጋ በኋላ መርማሪ መጥቶ "ውስጡን አሳዩኝ" ቢል ምን ልትሉት ነው?

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፦ ከፍታውን መርሳት። አምራቹ "በዚህን ያህል ሜትር ይነሣል" ሲል ባሕር ጠለል ላይ፣ በ15 ዲግሪ ሙቀት ማለቱ ነው። የጅማ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ሳስቷል። ቱርቦ (አየር አጭቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው 100 የፈረስ ጉልበት ሞተር እዚህ 83 ገደማ ቢሰጣችሁ ነው፣ ክንፉም ፕሮፔለሩም የሚይዙት አየር ያንሳል። ከሰዓት በኋላ 28 ዲግሪ ሲገባ ደግሞ አውሮፕላኑ ከ2,500 ሜትር በላይ ያለ ያህል ነው የሚደክመው። ሁለት ሰውና ሙሉ ነዳጅ ይዞ በዚያ ሰዓት መነሣት በራስ ላይ መፍረድ ነው። (እዚሁ ሀገር በ1928 ዓ.ም. የተሠራችው፣ በ2016 ዓ.ም. ከጣሊያን የተመለሰችው ባለ ሁለት ወንበሯ "ፀሐይ" እንኳ 115 የፈረስ ጉልበት ሞተር ነበራት።) ስለዚህ ሮታክስ 912 የሚባለው የቀላል አውሮፕላን ሞተር ከሆነ ምርጫችሁ፣ ባለ 80 የፈረስ ጉልበቱ ረከሰ ብላችሁ አትሸወዱ። ባለ 100ው ግን 95 ኦክቴን (የቤንዚን የጥራት ደረጃ ነው) ይፈልጋል፤ የምታገኙትን ቤንዚን ሳታጣሩ አትዘዙ። በጀሪካን የመጣ ነዳጅ ሳይጠለል ታንከር ውስጥ አይግባ።

"አሉሚኒየም አይዝግም" ብሎ መዝናናት ሌላው ነው። እንደ ብረት አይቀላም እንጂ ነጭ ዱቄት እያወጣ ይበላል፣ በተለይ ላሜራው በተደራረበበት ቦታ። የጅማን ዝናብና እርጥበት ታውቁታላችሁ። ከመግጠማችሁ በፊት ፕራይመር (ከዝገት የሚከላከል የመጀመሪያ ቀለም) ቀቡት።

ቀዳዳ ላይ መቸኮልም አለ። ላሜራ በትራፓኖ ሲበሳ የቀዳዳው ጠርዝ ላይ ስለታም ትርፍ ይቀራል፤ በጣት ጫፍ ሲዳስሱት ይቧጥጣል። ያንን ሳያነሡ ሪቬት (ላሜራን ከላሜራ የሚያያይዝ ምስማር) ከመቱበት ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። አንዱን ማጽዳት የሰከንዶች ሥራ ነው፣ ቀዳዳው ግን በሺህ የሚቆጠር ስለሆነ ሰው የሚሰለቸው እዚያ ላይ ነው። ብሎን ቢጎድልም ከመርካቶ ተመሳሳዩን አምጥቶ መተካት የለም፤ መልኩ ቢመሳሰልም ጥንካሬው ሌላ ነው።

በመጨረሻ፣ በመጀመሪያው በረራ ሰው መጫን። ወንበሩ ሁለት ስለሆነ አጎትም ጓደኛም "እኔን አስቀድም" ይላል። እምቢ በሉ። አሜሪካ ውስጥ ተሳፋሪ የማይጫንበት የሙከራ ጊዜ በተለምዶ 25 ወይም 40 የበረራ ሰዓት ነው። ከዚያም በፊት ሦስቱም ጎማ ሚዛን ላይ ወጥቶ ይመዘን፣ የክብደቱ መሐል የት እንደሚያርፍ ይሰላ። ክብደቱ ከልክ በላይ ወደ ጅራት ካጋደለ አፍንጫው ሽቅብ ይልና አልመለስ ይላል፤ አየር ላይ ሆኖ ይህን ማስተካከል ጎበዝ አብራሪንም ሊያቅተው ይችላል።